የቀኙ ቆጣሪ

እናትየው የሞቱት እጃቸውን ወደ ማሽኑ እንደዘረጉ ነው። ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሲያይ ክው ብሎ ቀረ። ሬሳ ማየት ለእሱ ብርቅ አይደለም፤ ሥራው አላምዶታል። እነዚያ ቀጫጭን ጣቶች ግን የማሽኑ ቁልፍ ላይ ሊደርሱ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ነበር የደከሙት። የአየር ቱቦው አሁንም ከአፍንጫቸው ሥር ነው። አንዱ ጫማቸው ከእግራቸው ወልቆ ምንጣፉ ላይ ተገልብጧል።

«ማሽኑ ተበላሽቶ ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማሽኑስ ደህና ነው። የሌለው መብራት ነው» አለች ሳጅኗ። ይቺ ሳጅን ነገር ቶሎ የሚገባት፣ ከገባት በላይ ደግሞ ቶሎ የምትፈርድ ሴት ናት።

«የሰፈሩ ሁሉ ጠፍቶ ነው?»

«የት ጠፍቶ! ምድር ቤቱን የተከራየው በያጅ ልጅየዋ እስክትጮኽ ድረስ በግራይንደር ብረት ሲቆርጥ ነበር። የጠፋው እዚህ ላይኛው ፎቅ ብቻ ነው።»

ልጅየዋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች። እናቷን የምታስታምመው እሷ ናት። የኦክስጅን ሲሊንደር በሁለት ጉልበቷ መሃል አድርጋ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ኦክስጅን የሚሰጣቸው ማሽን በመብራት ነው የሚሠራው፤ መብራት ድንገት ከሄደ እናትየውን የሚያቆያቸው ያ ሲሊንደር ነበር። ጠዋት ባዶ ስለነበር ልታስሞላ ይዛው ሄደች። ሞልታ ስትመለስ ማሽኑ ዝም፣ እናቷም ዝም ብለው አገኘቻቸው።

«ማሽኑ መብራት ሲሄድበት አይጮኽም?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ይጮኻል» አለች ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። «የሚሰማ ሰው ካለ።»

የቆጣሪው ሳጥን ከግቢው በር አጠገብ አጥሩ ላይ ነው የተገጠመው። ከመብራት መሥሪያ ቤት የተጠራው ሠራተኛ ሽቦዎቹን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ተከተለና ራሱን ነቀነቀ።

«የላይኛው ቤት ፊውዝ የለም። አልተቃጠለም፤ ሰው ነቅሎ ወስዶታል።»

ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ቆጣሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በቀኙ ላይ የፊውዙ ቦታ ባዶውን አፉን ከፍቷል። በግራው ላይ ያለው ፊውዝ ገና ከካርቶኑ የወጣ ይመስል ነጭ ነው። ኢንስፔክተሩ ይህን አየና አለፈው። በኋላ ለዚህ ራሱን ሲራገም ውሏል።

«ጓጉንቸሩ አልተሰበረም» አለች ሳጅኗ እያገላበጠች። «በቁልፍ ተከፍቶ በቁልፍ ተዘግቷል። አንዱ ቁልፍ እነ ልጅየዋ ወጥ ቤት ምስማር ላይ አለ። ሌላው የቤቱ ባለቤት ጋ ነው፤ ወንድሟ ጋ። ደግሞ ለበያጅ ጓጉንቸር ምኑ ነው? በቁራጭ ሽቦ ይከፍተዋል።»

«ፈረድሽበት እንዴ?»

«ፈርጄ ሳይሆን እያሰብኩ ነው።»

የኢንስፔክተሩ ስልክ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አየት አደረገና መልሶ ከተተው።

«እትዬ ናቸው?» አለች ሳጅኗ። በዚህ ቀን ፈገግ ያለችው ያኔ ብቻ ነበር። «ውኃውን ዛሬም በስምዎ አላዞሩም ማለት ነው።»

እትዬ የኢንስፔክተሩ አከራይ ናቸው። የውኃ ቆጣሪውን በስሙ እንዲያዞር ሲለምኑት ከርመዋል፤ እሱም «ነገ» ሲላቸው ከርሟል። ሌባ ለማባረር ሲሆን ነፋስ ነው። መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ተሰልፎ ስም ማዞር ሲሆን ግን እግሩ ይተሳሰራል።

ወንድምየው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ደልዳላ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው። መኪናዋን በሯ እንደተከፈተ ትቷት እየሮጠ ገባ። ደረጃው ላይ እህቱን ቀና ብሎ ሳያያት አልፏት ወጣ። ወዲያው ከላይ የተሰማው ጩኸት የግቢውን ሰው ሁሉ አደረቀው። ሲወርድ ሁለት ጎረቤቶች ደግፈውት ነበር።

«ማሽኑ ለምን ቆመ? ማን አቆመው?»

«የላይኛው ቤት ፊውዝ ተነቅሎ ተወስዷል» አለችው ሳጅኗ።

የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። ዓይኑ አንድ ነገር የጠፋበት ሰው ዓይን ሆኖ ለአፍታ ተንከራተተ፤ ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ ዞረ።

«እሱ ነው! ያ በያጅ ነው! የእናቴን ፊውዝ ነቅሎ ለራሱ ሰካው! ለቁራጭ ብረት ብሎ እናቴን ገደላት!»

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ይህን ሰማ። አንዱ ከበያጁ በር ላይ የብረት ዘንግ አነሳ። ሌላው «አውጡት!» አለ። ኢንስፔክተሩ ዘሎ በሩ ላይ ቆመና ሁለት እጁን ዘረጋ። ሳጅኗ በያጁን በክንዱ ይዛ በጓሮ በኩል አወጣችውና መኪና ውስጥ ወረወረችው ማለት ይቻላል። መኪናው ሲነሣ የኋላ መስታወቱ በድንጋይ ረገፈ።

ጣቢያ ሲደርሱ ወንድምየው ውኃ ጠጥቶ ትንሽ ተረጋጋ።

«ቆጣሪውን በስምህ አዙር ስለው ስንት ጊዜዬ! 'ነገ ጋሼ፣ ሰኞ ጋሼ' ይለኛል። ብየዳው የሚበላው መብራት በእኔ ስም ነው የሚመጣው። ነገ ጥሎ ቢጠፋ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው እኔን ነው። ብለምነው አይሰማ፣ ብቆጣው አይሰማ። ትናንት በር ላይ ተሰዳደብን። ያለኝን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«ምን አለዎት?»

«'ቆይ፣ ታፍራለህ!' አለኝ።»

«እርስዎ ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ሱቄ ነበርኩ። የት እሆናለሁ?»

በያጁ ቅንድቡ በእሳት ብልጭታ የተለበለበ፣ ቀጠን ያለ ጎልማሳ ነው። የሰጡትን ውኃ ሊጠጣ ሲሞክር ደረቱ ላይ አፈሰሰው።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሥራዬ ላይ። የመስኮት ፍርግርግ ስቆርጥ ነበር።»

«ማሽኑ ሲጮኽ አልሰማህም?»

በያጁ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጢጥ ጢጥ የሚል ነገር ሰማሁ። የመኪና መሰለኝ። ግራይንደሩን መልሼ አስነሣሁት።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እማማ እኮ ዘንቢል በገመድ አስረው በመስኮት ብርቱካን ያወርዱልኝ ነበር። 'አቧራውን ያጥብልህ' ይሉኛል። እኔ ደግሞ ድረሱልኝ ሲሉ በብረት ጩኸት ዋጥኳቸው።»

የሳጅኗ ልብ ሳይራራለት አልቀረም፤ ግን ጥያቄዋን አልለቀቀችም።

«ከልጃቸው ጋር በቆጣሪ ተጣልታችኋል።»

«እሱ ነገር አልቋል።»

«ትናንት ተሰዳድባችሁ እንዴት ያልቃል?»

«ለሳቸው ያላለቀ ይመስላቸዋል እንጂ አልቋል አልኳችሁ። አሁን ሰው ሞቶ ስለ ቆጣሪ ላውራ?» አንገቱን ደፋ። ቆይቶ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው፣ «ጠዋትም ጋሼ ደውለው 'ሥራ እንዴት ነው?' አሉኝ። እንኳን ሥራዬን ጤናዬን ጠይቀውኝ አያውቁም» አለ።

«ምን መለስክላቸው?»

«'እጅግ ደህና' አልኳቸው። ዘጉብኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ሳጅኗ ኢንስፔክተሩን ተከተለችው። «አለቃችን ነገ በነፍስ ማጥፋት ክሱን ላኩ ብሏል። ሰፈሩም ቢሆን ይህን ሰው መልሰን ብንለቀው በሕይወት አያሳድረውም። ጸቡ አለ፣ ዛቻው አለ፣ ሙያው አለ። ሌላ ምን እንጠብቃለን?»

«ቁልፉን» አለ ኢንስፔክተሩ። «ጓጉንቸር በሽቦ ከፍቶ የሚሠርቅ ሰው መልሶ አይቆልፍም። እህትየዋን ልያት።»

እህትየዋ እናቷ ቤት ነበረች፤ ያ ሲሊንደር አሁንም አጠገቧ ነው። ቁልፉን ሲጠይቃት አልተቆጣችም።

«እኔን ከጠረጠሩ ይጠርጥሩኝ። እኔም ራሴን ነው የምጠረጥረው። ሲሊንደሩ ማለቁን አውቄያለሁ፤ አስቀድሜ መሄድ ሲገባኝ ደከመኝ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስሄድ ደግሞ ሰልፍ ጠበቀኝ።»

ሰልፉ እውነት ነበር። ኦክስጅን ሻጩ ልጅቷ ከሱቁ ደጃፍ ቆማ ስትቁነጠነጥ እንደነበር፣ «እናቴ ብቻዋን ናት፣ ቶሎ በሉኝ» እያለች ሰው ፊት ልትገባ ሞክራ እንደመለሷት ተናግሯል። ከመለሷት አንዱ እሱ ራሱ ነበር።

«ከወንድምሽ ጋር እንዴት ናችሁ?»

«አንነጋገርም። እማዬን እኔ ቤት ልውሰዳት አለ፤ እሷ ከመስኮቴ አልነቀልም አለች። የምታሳምጪያት አንቺ ነሽ አለኝና በዚያው ተኳረፍን። እኔ ካለሁ አይገባም። እዚያ በር ላይ ይቆምና በመስኮት እጇን ታወዛውዝለታለች፣ ያወዛውዝላታል፣ ይሄዳል። እንዲህ ነው የሚጠያየቁት።»

ኢንስፔክተሩ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከእናትየው ወንበር ሆኖ የግቢው በርና የቆጣሪው ሳጥን ፊት ለፊት ይታያሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሳጅኗ ቢሮው ስትገባ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ለወጉ ያህል ብዬ የወንድምየውን ሱቅ ጎረቤቶች ጠየቅኳቸው። ትናንት አርፍዶ ነው የከፈተው። ዋሽቶናል። ግን ኢንስፔክተር... የገዛ እናቱን ልንል ነው እንዴ? እናቱ ስትሞትበት ሲጮኽ ሰምተነዋል። ያ ጩኸት የውሸት አይደለም።»

«አይደለም» አለ ኢንስፔክተሩ። ሌሊቱን አንዲት ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ ስትመላለስ አድራለች። «ወንድምየው 'ለራሱ ሰካው' ያለው ትዝ ይልሻል? ሰው የሌላ ሰው ፊውዝ ለራሱ የሚሰካው የራሱ ሲጎድለው ነው። የበያጁ ፊውዝ ጎድሎ ነበር ያለው ማነው? እኛ አላልንም። ሠራተኛውም አላለም።»

ሳጅኗ ወንበር ሳበች።

«ግራው ላይ ያለው ፊውዝ ደግሞ አዲስ ነው» ቀጠለ። «ከእናትየው ተነቅሎ የመጣ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አይነጣም ነበር። በያጁ ምንም አልጎደለበትም። ጋሼው ግን ጎድሎበታል ብሎ አምኗል። አምኖም ጠዋት 'ሥራ እንዴት ነው?' ብሎ ደወለ። መብራት የሌለው በያጅ ሲያለቅስ ሊሰማ ነው የደወለው።»

«ወይኔ!» አለች ሳጅኗ። እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ግቢው አሁንም በሰው ተሞልቷል። ኢንስፔክተሩ ወንድምየውን ከለቀስተኛው መሃል ጠርቶ ወደ አጥሩ ወሰደው። ሳጅኗ በያጁን በጓሮ አስገብታ ግራይንደሩ አጠገብ አቁማዋለች። ሰው ይህን ሲያውቅ ማጉረምረም ጀመረ።

«አንድ ነገር ብቻ ያሳዩኝ» አለ ኢንስፔክተሩ ሳጥኑን እየከፈተ። «የእናትዎ ቆጣሪ የትኛው ነው?»

«የግራው።»

«የበያጁስ?»

«የቀኙ። ይህን ሳጥን ያስገጠምኩት እኔ ነኝ።»

«ያለ ጥርጥር?»

«ቤቴ እኮ ነው!»

ኢንስፔክተሩ እጁን አነሳ። ከምድር ቤቱ ግራይንደሩ ጮኸ፤ ብረት እየነከሰ ግቢውን አናወጠው። ለቀስተኛው ዞሮ አየ። አንዲት ሴትዮ «ሬሳ ሳይወጣ!» ብላ ተቆጣች።

«የግራውን ልነቅለው ነው። የእናትዎ ከሆነ በያጁ ሥራውን አያቆምም፣ አይደል?»

ነጩን ፊውዝ ሳበው። ግራይንደሩ ቃተተ፣ ድምፁ እየወረደ ሄደና ቀጥ አለ።

ወንድምየው ነጩን ፊውዝ አየ። ምድር ቤቱን አየ። የቀኙን ባዶ ቦታ አየ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ቀና አለ። አጥሩን ይዞ ተንሸራተተና መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።

«አይ» አለ። «አይ፣ አይ፣ አይሆንም።»

በያጁ ከምድር ቤቱ ወጥቶ ሮጦ መጣ። ሳጅኗ ልትይዘው ሞክራ ተወችው።

«ጋሼ፣ አዙሬዋለሁ እኮ! ባለፈው ሳምንት በስሜ አዞርኩ። ሠራተኛው መጥቶ ሲያይ የእማማ ቆጣሪ ውስጡ መቃጠል ጀምሯል። እሱን ከግራ አነሣና በቦታው አዲሱን ለእኔ ተከለልኝ፤ የእማማን መስመር የእኔ ወደነበረው ወደ ቀኙ አዛወረው። በር የከፈቱለትም እህትዎ ናቸው። በር ላይ የተጣላን ዕለት ልነግርዎት ስል 'ያንተን ነገ ጠግቤዋለሁ፣ አፍህን ዝጋ' አሉኝ። እኔም ተናደድኩና ራሱ አይቶ ይፈር አልኩ። ይፈር ብቻ ነው ያልኩት።»

ወንድምየው እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው አንድ አሮጌ፣ ጠርዙ የተሸረፈ ፊውዝ መዳፉ ላይ ነበር። እናቱን ሲያለቅስ የዋለውም ያደረውም እሱን በኪሱ ይዞ ነው።

«አንድ ቀን መብራት አጥቶ ቢውል ሮጦ ያዞራል ብዬ ነው» አለ። የሚናገረው ለፊውዙ ይመስል ነበር። «አንድ ቀን ብቻ። የበያጁን የነቀልኩ መስሎኝ ነው። 'እጅግ ደህና' ሲለኝ ደግሞ ለእልህ የሚዋሽ መሰለኝ። የእማዬ ተነቀለ ስትሉኝ... ነቅሎ ወሰደባት ብዬ ማልኩ። በእማዬ ማልኩ።» ፊውዙን ጨበጠው። «ሳጥኑን ቆልፌ ቀና ስል መስኮቱ ላይ ነበረች። እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት። ሳጥኑን ቆልፌ እኮ ነው ያወዛወዝኩላት!»

ትናንት የብረት ዘንግ ያነሳው ሰውዬ ግንባሩን ይዞ ወደ አጥሩ ዞረ። የተቆጣችው ሴትዮ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ያቺ ለመፍረድ የማትዘገየው ሳጅን ካቴናውን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ እንባዋ መውረዱንም ያወቀች አይመስልም።

ኢንስፔክተሩ ሰውየውን ደግፎ አስነሣው። ወደ መኪናው ሲሄዱ ወንድምየው ክንዱን ጨመደደው።

«አንድ ነገር ልለምንዎት። ከመንቀሌ በፊት ለእህቴ ደውዬላት ነበር። ኩርፊያችንን ትቼ። 'የታችኛውን ላጠፋ ነው፣ በያጁ ቢጮኽ እንዳትደነግጡ' ልላት። አላነሣችም። ብታነሣ ኖሮ ቆጣሪው መለወጡን ትነግረኝ ነበር። እኔ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፤ እሷ ግን ለምን እንደደወልኩ አትስማ። ያን ተሸክማ መኖር አትችልም።»

ኢንስፔክተሩ መኪናው ውስጥ አስገባው። በሩን ዘግቶበት ዞር ሲል እህትየዋ ከኋላው ቆማ ነበር። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከደረጃው ላይ ሆና ሁሉንም አይታለች፤ ይህን የመጨረሻውን ግን አልሰማችም።

«ትናንት ጠዋት ደውሎልኝ ነበር» አለች። «ሰልፉ ላይ ነበርኩ። ስሙን አየሁትና ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። ይኸው አሁንም ጥሪው እዚህ አለ። ምን ፈልጎ እንደነበር ነገረዎት?»

ኢንስፔክተሩ ዕድሜውን ሙሉ ከሰው አፍ እውነት ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። የራሱ አፍ ግን በዚያች ሰዓት አልታዘዝ አለው።

«'እማዬ እንዴት አደረች' ሊልሽ ነበር» አለ።

«ይህን ብቻ?»

«ይህን ብቻ።»

እህትየዋ ስልኩን አየችው። ከትናንት ጀምሮ አንድም ጊዜ አላለቀሰችም ነበር።

«እንዲህ ከሆነ ባነሣለት ምን ነበረበት!» አለችና ሆዷን ይዛ እዚያው በሩ ላይ አለቀሰች። በያጁ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

ኢንስፔክተሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሳጅኗ እስክትመጣ ጠበቀ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አወጣና አየው፤ እትዬ ናቸው። ስልኩ ሁለተኛ እስኪጠራ አላስጠበቃቸውም።

«አቤት እትዬ» አለ። «አለሁ። ይንገሩኝ፣ እየሰማሁዎት ነው።»